ልጃችን የምታውቃት ናይሮቢ

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ክፍል አስተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከቅዳሜው ትምህርት ክፍል አንድ ንግግር እንዲቀርብ ሲጠይቀን የተማሪው ብዛትና የመጻሕፍቱ ወጪ የሚነበብ መስሎት ይሆናል። እሱ በዓመታዊው ሪፖርት ውስጥ ስለተካተተ እዚያው ይታይ። እኛ ለዛሬ የመረጥነው ሁላችሁም የምታውቋትን የአንዲት ልጃችንን ጉዳይ ነው። ስሟ እንዳይጠራ ስለጠየቀችን አንጠራውም።

ይህች ልጅ ናይሮቢ ተወልዳ፣ እኛው ክፍል ውስጥ ፊደል ቆጥራ ያደገች ናት። አሁን ሥራ ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን በቦርሳዋ ይዛ ከተማውን ትዞራለች። በልታው የማታውቀውን ትበላለች፣ ጨርቅ ትዳስሳለች፣ ልብስ ሰፊውንም ጠጉር ሠሪዋንም ታነጋግራለች፣ ያየችውን በአማርኛ ትጽፋለች። ነገሩ የተጀመረው ደሴ ያሉት አያቷ በስልክ "እዚያ ምን እየበላሽ ነው የምትውይው?" ብለው የጠየቋት ዕለት ነው። ምሳዋ ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ ነበር። ለጓደኞቿ በሁለት ቃል የምትነግረውን ለአያቷ በአማርኛ ማስረዳት አቃታት። የበቆሎ ገንፎ ነው እንዳትል መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የለበትም። ጎመን ነው እንዳትል የእኛን ጎመን አይመስልም። አያቷ በመጨረሻ "እንግዲህ ከጠገብሽ ምን ቸገረኝ" ብለው ዘጉት። እሷ ግን ነገሩን አልተወችውም።

የጻፈችውን እያመጣች ለተማሪዎቻችን ታነብላቸው ጀመር፤ ከፍ ከፍ ያሉትም አብረዋት መዞር ጀመሩ። ቅሬታው የመጣው ይኼኔ ነው። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ የምናከብራቸው አባት ተነሥተው፣ ለዚህ ክፍል የምናዋጣው ልጆቻችን ላሊበላንና ጎንደርን እንዲያውቁ እንጂ ጊኮምባን እንዲያውቁ አይደለም፣ ጊኮምባንማ ሳንከፍልም ያውቁታል አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው። የልጆቹ ዙረት ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ጉዳይ ለሥራ አስፈጻሚው ተመርቶ ውሳኔ እየጠበቀ ነው። እኛ ይቀጥል ባዮች ነን። ምክንያታችንን እንድትሰሙን እንለምናለን።

ናይሮቢ የሚለው ስም የመጣው ከማሳዮች ቋንቋ ሲሆን ቀዝቃዛ ውኃ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ እስኪደርስ ድረስ ቦታው ማሳዮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበት ረግረግ ነበር። ሐዲዱን ለመሥራት ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሕንድ መጡ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የቀሩትና በኋላ የተከተሏቸው ነጋዴዎች ግን ቻፓቲውን ለአገሬው አስለመዱ። ኪኩዩው ጊቴሪውን፣ ሉኦው ዓሣውን፣ የሞምባሳው ሰው ፒላውን ይዞ መጣ። ባጭሩ ሁሉም ድስቱን ተሸክሞ የመጣባት ከተማ ናት። የእኛም ሰው ወደዚህ አገር መምጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። በጣልያን ወረራ ጊዜ የተሰደዱ ወገኖቻችን በኢሲዮሎ ካምፕ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ የመጣነውማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነን። በመሐል ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የሚጠራ ትልቅ ጎዳና አለ፤ ማታ ማታ በመኪና ተጨናንቆ የማናማርርበት የለም እንጂ።

ወደ ምግቡ እንመለስ። ሱኩማ ዊኪ ማለት ቃል በቃል "ሳምንቱን ግፋ" ማለት ነው። የሥጋው ገንዘብ ሲያልቅ ደመወዝ እስኪመጣ ቤተሰቡን የምታሻግር ቅጠል ስለሆነች ነው። ልጃችን ይህን ከአንዲት "ማማ ምቦጋ"፣ ማለትም ከጉሊት አትክልት ሻጭ ሰምታ ስትጽፍ፣ እኛ አገር ሽሮ የምትሠራውን ሥራ እዚህ ሱኩማ ትሠራለች አለች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ስታነብ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኛ ለዓመታት ሽሮን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍላቸው አንድም ቀን አልሳቁም።

ጊቴሪን ብንወስድ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ ነው። አንዱ ተማሪ "ይኼማ ንፍሮ ነው" አለ፤ እውነቱን ነው። ንፍሮ እኛን የሚያስታውሰን ለቅሶ ቤትንና የሕማማትን ሳምንት ነው። ጊቴሪ ደግሞ እዚህ የትምህርት ቤት ምሳ ነው። ስለዚህ በፆም ወራት ቆሎ በኪሱ ይዞ የሚሄደው ልጃችን ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የሚበላው የፆም ምግብ አጠገቡ ነበረ ማለት ነው። ማሾ ወጥ በቻፓቲ፣ እነሱ ንዴንጉ የሚሉት፣ እንደዚሁ ነው። ሙስሊም ልጆቻችን ደግሞ ኢስትሊ ሄደው ሶማሌዎች ዓንጄሮ የሚሉትን ስስ እንጀራ ቁርስ ላይ በዘይትና በስኳር፣ ከሻይ ጋር ሲበላ አይተው መጥተዋል። እንጀራ በሻይ! ለእናቶች ሲነገር አንዳንዶች አማተቡ፣ አንዳንዶች ደግሞ "ሱብሐነላህ" አሉ።

አሁን የምንናገረው ጓዳን የሚመለከት ስለሆነ እናቶች ልብ ብላችሁ አድምጡን። ቅመም ከአገር ቤት ለማስመጣት ሰው በተጓዘ ቁጥር ኪሎ እንለምናለን። ልጃችን ፓርክላንድስ ያለው ዳይመንድ ፕላዛ ከሕንዶቹ ቅመም መደብር ገብታ ከየማሰሮው እያሸተተች ጠየቀች። እነሱ አጅዋይን የሚሉት ነጭ አዝሙድ ነው። ካሎንጂ የሚሉት ጥቁር አዝሙድ ነው። ሜቲ የሚሉት አብሽ ነው። ኮረሪማን ግን አላገኘችም፤ በስዋሂሊ ኢሊኪ ተብሎ የሚሸጠው ሄል ስለሆነ እንዳትሳሳቱ። ኮረሪማ አሁንም በሻንጣ መምጣቱ አይቀርም።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን የጎመኑ ነገር ነው። ከምዕራብ ኬንያ የመጡ ሴቶች የየአገራቸውን ቅጠል ከሚሸጡበት ጉሊት ላይ፣ ማናጉ ከሚሉትና የእኛን አውጥ ከሚመስለው ቅጠል አጠገብ፣ ካንዚራ የሚባል ጎመን አገኘች። ገዝታ ወደ ቤት ወሰደችው። እናቷ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ሠርተው ሲቀምሱት ዝም አሉ፤ ከዚያ "ይኼን ከየት አመጣሽው?" አሉ። ካንዚራ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው፣ ፈረንጆችም የኢትዮጵያ ጎመን የሚሉት፣ ያው የእኛው የሀበሻ ጎመን ነው። ከእናቶቻችን መካከል ዘሩን በወረቀት ጠቅልለው ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ እንዳሉ እናውቃለን። ጎመኑ ግን ከቤታቸው ሁለት ስቴጅ አልፎ በሌላ ስም ይሸጣል። ይህን ያገኘው ማኅበሩ አይደለም፣ እኛ አስተማሪዎቹም አይደለንም። ዙረቷ ይቁም የተባለችው ልጅ ናት።

ስለ ቡና ጥቂት እንበል። ቡና የኛ ነው፣ ኬንያ ጎረቤታችን ናት፣ ስለዚህ በሞያሌ በኩል የገባ ይመስለናል። የሚገርመው ግን ወደዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1893 ያመጡት በባሕር የመጡ የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ናቸው። ጎረቤት ለጎረቤት ሳንሰጣጥ በውቅያኖስ ዞሮ መጣ። ሻይም እ.ኤ.አ. በ1903 ሊሙሩ ላይ ተተክሎ ከዚያ ወዲህ አገሩን ሁሉ ያዘ። ኬንያዊው ቡናውን ለውጭ ገበያ አምርቶ እሱ ራሱ ሻይ በወተት አፍልቶ ይጠጣል። ልጃችን የቢሮ ባልደረቦቿን ቡና አፍልታ ሦስት ስኒ አጠጣቻቸው። አቦሉን በወተት አምጪ ያላት ነበረ አሉ።

ወደ ልብሱ ስንመጣ ብዙ የምንለው አለን፤ ትልቁ ጭቅጭቅም የተነሣው በልብስ ነውና።

ቢያሻራ ጎዳና ላይ ካንጋ የሚሸጡ የቆዩ ሱቆች አሉ። ካንጋ ሁልጊዜ በጥንድ ይሸጣል፤ ዙሪያውን ጥለት አለው፣ መሐሉ ላይ ሥዕል፣ ከሥዕሉ በታች ደግሞ በስዋሂሊ የተጻፈ አንድ አባባል አለ። ስሙ ጅግራ ማለት ነው፤ የጥንቶቹ ጨርቆች እንደ ጅግራ ላባ ነጠብጣብ ስለነበራቸው ነው ይባላል። ሴቲቱ ለጎረቤቷ፣ ለባሏ ወይም ለጣውንቷ በአፏ የማትለውን በካንጋዋ ትለዋለች። ለብሳው በደጃፏ ማለፍ ብቻ ነው። ልጃችን ይህን ስትጽፍ እኛ በሰምና ወርቅ የምንለውን የሞምባሳ ሴት በጨርቅ ትለዋለች አለች። እኛም ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ እስከ ዛሬ አላገኘንም፤ አሁን ትምህርቱን ስንጀምር አንድ ካንጋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነው። ካንጋ ልጅ ያዘሉበታል፣ ይከናነቡታል፣ ለቅሶ ይደርሱበታል። ነጠላ የምታውቅ ሴት ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

ጊኮምባ ደግሞ እሳት ደጋግሞ የበላው፣ ደጋግሞም የተነሣ የልባሽ ልብስ ገበያ ነው። እኛ ሰልባጅ የምንለውን እነሱ ሚቱምባ ይሉታል፤ ቃሉ የታሰረ ጥቅል ማለት ነው። ጥቅሉ ሲፈታ አንደኛ ደረጃ የሆነው "ካሜራ" ይባላል፤ ለዚያ የሚሻሙት ነጋዴዎች ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚሰለፉት። ልጃችን ብዙ ወጣቶች ከዚያ የገዙትን ኮት ለልብስ ሰፊ ሰጥተው አስቀይረው አዲስ አድርገው እንደሚለብሱ ጽፋለች። ልብስ ሰፊውን ፉንዲ ይሉታል፤ አናጢውም መካኒኩም ፉንዲ ነው። እኛ ባለሙያ የምንለው መሆኑ ነው።

እንግዲህ በባለፈው እንቁጣጣሽ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ልጃችን በመንገድ ዳር ፉንዲ ያሰፋችውን የኪቴንጌ ኮት ለብሳ መጣች፤ አንገቱና እጅጌው ላይ የተሰፋው ጥበብ ከእናቷ አሮጌ የሀበሻ ቀሚስ የተፈታ ነበር። አዳራሹ አጉረመረመ። ጥበባችንን ቆርጣ የሰው ጨርቅ ላይ ለጠፈችው የሚል ወሬ እስከ ቡናው ሰዓት አልበረደም። እናቷም አንገታቸውን ደፍተው ነው የሄዱት።

እኛ ስለዚህ ነገር ያለንን አስተያየት እንናገር። ቀሚሱ ነትቦ ጥበቡ ደህና ከሆነ ጥበቡን ፈትቶ ወደ ሌላ ማዛወር በእናቶቻችን ቤት ያደግንበት ነው። ጥበብ ከሚሰፋበት ጨርቅ በላይ ዕድሜ አለው። ኪቴንጌውስ ቢሆን የማን ነው? ጥለቱ የመጣው ከጃቫ ሰዎች ሰም እየቀቡ ከሚያቀልሙት ጨርቅ ሲሆን፣ እሱን አስመስለው በፋብሪካ ሠርተው ለአፍሪካ የሸጡት የደች ነጋዴዎች ናቸው። አፍሪካ ግን የራሷ አደረገችው። በአንጻሩ ዛሬ አዲስ አበባ ገበያ ውስጥ በውጭ አገር ፋብሪካ የታተመ የውሸት ጥበብ እንደ ልብ ይሸጣል፤ እሱን ለብሶ ለሚመጣ ማንም አያጉረመርምም። የዶርዜ ሸማኔ በእጁ የሠራውን፣ ከሽሮ ሜዳ የተገዛውን እውነተኛ ጥበብ ያዳነችው ልጅ ግን ተወቀሰች። ስለ ውበቱ ከተጠየቅን አንገቱ ላይ ትንሽ በዝቶበታል፤ ይህንንም ነግረናታል።

ስለ ጠጉሩ አናስረዝም። ኬንያታ ገበያ የሥጋ ጥብሱ ጭስና የጠጉር ሠሪዎቹ ጥሪ ባንድ ላይ ነው። ሦስት ሴቶች አንድ ራስ ይዘው ሲሠሩ ማየት ነው እንጂ መናገር አይበቃም። ንያማ ቾማውም በኪሎ ተመዝኖ፣ ጨው ብቻ ነክቶት ይመጣል፤ ከመብላታችሁ በፊት ውኃና ሳህን ይዘው እጃችሁን ሊያስታጥቧችሁ ይመጣሉ። ይህ የማን ባህል ነው ብትሉ የሁለታችንም ነው።

የሰዓቱንም ነገር ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያስተዋሉት። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሰዓት፣ "ሳኣ ሞጃ" ነው። ሰዓት ሳኣ፣ ደቂቃ ዳኪካ፣ ሳሙና ሳቡኒ፣ ስኳር ሱካሪ። ልጆቻችን የኢትዮጵያ ሰዓት ይከብደናል እያሉ ሲያማርሩን የኖሩት በእንግሊዝኛ እያሰቡ ነው። በስዋሂሊ እንዲያስቡት ስንነግራቸው በአንድ ቀን ገባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ብዙዎቻችን ናይሮቢን የኖርንባት እንደ መጠባበቂያ ክፍል ነው። ፕሮሰሱ እስኪያልቅ፣ ወረቀቱ እስኪመጣ፣ አገር ቤት እስኪረጋጋ እያልን ሻንጣችንን አልፈታንም። ይህን ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ ወረቀት ሳይኖር መንገድ መውጣት ምን እንደሆነ እዚህ የተቀመጥነው እናውቀዋለን። ልጅን ከመስኮት ውጭ አታሳየኝ ማለት ከፍርሃት የመጣ ፍቅር ነው። ነገር ግን እኛ ስንጠብቅ የተወለዱት ልጆች ሃያ ዓመት ሆናቸው። ለእነሱ ይህች ከተማ መጠባበቂያ አይደለችም፤ ልጅነታቸው ናት። ነገ አንዷ ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ቶሮንቶ ብትሄድ "የት አደግሽ?" ተብላ ትጠየቃለች። ከአራት ግድግዳና ከሰማችው የላሊበላ ታሪክ ሌላ የምትመልሰው ሊኖራት ይገባል። ላሊበላንም ቢሆን በሚያምር አማርኛ የምታወራው ስለ ራሷ ሰፈር መጀመሪያ በአማርኛ ማውራት ከቻለች ነው። ክፍላችን ውስጥ ይህን በዓይናችን አይተናል። ድርሰት ጻፉ ስንላቸው አራት መስመር የሚጽፉ ልጆች ስለ ሰፈራቸው ጉሊት ሁለት ገጽ ይዘው መጥተዋል። ፊደሉ ተዛብቶ፣ ሀው በሐው ቦታ ገብቶ ነው፤ እሱን ማረም የኛ ሥራ ነው።

የተቃወሙትም አባት ያሉት ሁሉ ስህተት ነው አንልም። ሴት ልጅ ብቻዋን ስልኳን በእጇ ይዛ በገበያ መሐል መቆሟ ያሰጋል። ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚው ያቀረብነው ሐሳብ ዙረቱ በወር አንድ ቅዳሜ እንዲሆን፣ ልጆቹ በቡድን ሆነው ሁለት እናቶችና ሁለት አባቶች አብረዋቸው እንዲሄዱ፣ ወጪውም የማትታቱና የምሳ ብቻ እንዲሆን ነው። በተመለሱ በሳምንቱ እያንዳንዱ ልጅ ያየውን በአማርኛ ጽፎ ያነባል። የጎንደሩና የላሊበላው ትምህርት አንድም ሰዓት አይቀነስበትም።

ከተፈቀደልን የመጀመሪያው ጉዞ ሕዝቡ ማሪኪቲ ወደሚለው ወደ ዋኩሊማ ገበያ ነው። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ በሳኣ ሞጃ ማለት ነው፣ ከዚህ አዳራሽ በር ላይ እንነሣለን። ዘንቢል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ዝርዝር ገንዘብም እንዳትረሱ። በጉባኤው የተናገሩትንም አባት አብረውን እንዲሄዱ በአክብሮት ጠይቀናቸዋል። እንደሚመጡ እስካሁን አልነገሩንም። ካንዚራው እስሩ ስንት እንደሚሸጥ ግን ጠይቀውናል።